የግራው ወንበር

መኪና ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። ኮፈኑን ሳያስከፍት፣ ሊብሬውን ሳያይ፣ ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርግና ቀና ብሎ "ለምንድን ነው የሚሸጡት?" ይላል። እኔም ስገዛ እጠይቃለሁ። መልሱን የሚያምን የለም። ግን ካልተጠየቀ ገበያው ገበያ አይመስልም።

ባለፉት አራት ወራት ስንቴ እንደተጠየቅኩ አልቆጠርኩም። የመለስኩትን ግን አስታውሳለሁ። ለአንዱ "ቦታ ጠበበኝ" አልኩት። ግቢዬን ዞር ብሎ አየና ሳቀ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ግቢው አምስት መኪና ያቆማል። ለሌላው "ልጆቹ ውጭ ናቸው፣ የሚነዳው የለም" አልኩ። አንዱን ደግሞ ስልችት ብሎኝ "ገንዘብ ፈልጌ ነው" ብለው፣ ዋጋውን እዚያው በግማሽ ሊጥለው ተነሳ። ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው። ለገዢ ቸገረኝ አይባልም።

እውነተኛውን ምክንያት ለማንም አልተናገርኩም ነበር። የሚገርመው ስለ መኪናው ሌላ የደበቅኩት ነገር የለም።

መኪናው ኤምጂቢ ነው። እንግሊዞች በ1963 እ.ኤ.አ. አቢንግደን በምትባል ከተማ የሠሩት፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣሪያው ሸራ የሆነ ስፖርት መኪና። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ደላላው ስሙን ስነግረው "ኤምጂ? የቻይናው?" አለኝ። አልተሳሳተም። ኤምጂ ዛሬ ሳይክ የሚባለው የሻንጋይ ኩባንያ ንብረት ነው። ሲጀመር ግን ኦክስፎርድ ውስጥ ሞሪስ ጋራዥስ የሚባል መኪና መሸጫና መጠገኛ ነበር፤ ሁለቱ ፊደሎች የመጡት ከዚያ ነው። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በዓለም ላይ ብርቅ የሚባል መኪና አይደለም ማለት ነው። ይህን ለገዢዎች በተናገርኩ ቁጥር ደላላው ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር።

"ፋዘር፣ ይሄ ምን ያደርግላቸዋል? ዝም ይበሉ እንጂ!"

እዚህ አገር ብርቅ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። መሪው በቀኝ ነው። መኪናው ሲገባ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነበር። ወደ ቀኝ የዞርነው በ1956 ዓ.ም. ነው። አገሩ ሁሉ ሲዞር እሱ ባለበት ቀረ።

ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ ስትሄድ ነው የሚገባህ። ፊትህ ድርቆሽ እስከ ሰማይ የጫነ አይሱዙ አለ። አንተ የተቀመጥከው በዲቹ በኩል ነው። የምታየው የአይሱዙውን የኋላ ጎማ፣ ዲቹንና ዲቹ ውስጥ የቆመውን በግ ነው። ከፊት የሚመጣውን ለማየት መኪናውን እንዳለ ወደ ግራ ማውጣት አለብህ። ወጥተህ ያየኸው ሲኖትራክ ከሆነ ደግሞ ማየትህ ብዙም አይጠቅምህም።

ስለዚህ ይህ መኪና የሚነዳው በሁለት ሰው ነው። በቀኝ ያለው መሪ ይይዛል፣ በግራ ያለው ያያል።

የኔን ግራ የምታየው ባለቤቴ ነበረች።

ሥራውን ማንም አላስተማራትም። መጀመሪያ በወጣንበት ቀን አንገቷን ወጣ አድርጋ "ቆይ... ቆይ... ቆይ... ግባ!" አለች፤ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ቋንቋችን ይሄው ሆነ። "ቆይ" ሲረዝም የሚመጣው ሚኒባስ ነው። አጭርና ደረቅ ከሆነ ትልቅ ነገር መጥቷል፣ ወደ ቦታህ ተመለስ ማለት ነው። "ግባ" ካለች ደግሞ ማመንታት የለም፤ ሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ እስከ ታች። "ወያላህ ነኝ፣ ክፈለኝ እንጂ" ትለኝ ነበር። ስንመለስ ከመንገድ ቅቤ እገዛላታለሁ፤ ሒሳብ ዘጋን እንባባላለን።

በግራ ወንበር ያያት ሰው ሁሉ ግን ሹፌሯ እሷ ትመስለዋለች። አንድ ቀን አዲሱ ገበያ አካባቢ ትራፊክ አስቆመን። በእሷ በኩል መጣና ሰላምታ ሰጥቶ መንጃ ፈቃድ ጠየቃት። ጭኗ ላይ ድፎ ዳቦ ነበር፣ ሁለት እጇም ዳቦው ላይ። "መንጃ ፈቃድ የለኝም" አለችው፣ ረጋ ብላ። ትራፊኩ ዳቦውን አየ። መሪ ፈለገ፣ አጣ። እንደገና ዳቦውን አየ። እኔ በዚህ በኩል መንጃ ፈቃዴን እያውለበለብኩ ነው። እንደዚያ ግራ የገባው ፖሊስ በሕይወቴ አላየሁም። ሲገባው ከእኛ ይልቅ የሳቀው እሱ ነው።

መኪናውን ያገኘሁት በ2008 ዓ.ም. ነው። ኮተቤ፣ አንድ የቆየ ግቢ ውስጥ፣ ላስቲክ ለብሶ ቆሞ። የመኪናው ባለቤት ካረፉ ቆይተዋል። ሚስታቸው አብረውኝ መጥተው ላስቲኩን ስንገልጠው ግራው ወንበር ላይ ዶሮ ታቅፋለች። እትዬ አይተው "ትፈልፍልና ትወስደዋለህ" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሥራ ስድስት ቀን አስጠበቁኝ። ሊብሬው በሟች ስም ስለነበር የወራሽነት ማስረጃው እስኪያልቅ ከዚያም በላይ ጠበቅኩ፤ በመጨረሻ ጎትቼ ወደ ሱሉልታ ስወስደው ጫጩቶቹ ሯጭ ሆነው ነበር።

እድሳቱ ስድስት ዓመት ፈጀ። ሁሉንም አልተርክም። መኪና ያደሰ ሰው ያውቀዋል፣ ያላደሰ ይሰለቸዋል። የአንዱን ሳምንት ነገር ግን መተው አልችልም።

ኤምጂቢ እንደ ድሮ መኪና ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ቦዲ አይደለም። ቦዲው ራሱ ነው አጥንቱ። ጣሪያ ደግሞ የለውም። ስለዚህ ሸክሙን የሚችለው ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው፣ በድርብርብ ላሜራ የተሠራው ሳጥን ነው። የኛው ዝጎ ዝጎ በጣት ይበሳ ነበር። ሰፈር ያለ አንድ የቦዲ ልጅ "ስቱኮ እንምታበት፣ ቀለም ከለበሰ ማን ያየዋል?" አለኝ። ሐሳቡን ይዤ መካኒኬ ዘንድ ሄድኩ።

መካኒኬ ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው። ሙያውን የተማሩት በልጅነታቸው ከጣሊያን ጋራዥ ነው። እኔ ሃምሳዎቹን ልጨርስ ነው፤ እሳቸው ግን እስካሁን "አንተ ልጅ" ነው የሚሉኝ። የስቱኮውን ነገር ሲሰሙ መልስ አልሰጡኝም። ተነሥተው ቱቦላሬ መለካት ጀመሩ። የበሩን ክፍተት ከጫፍ ጫፍ ለኩና በየበሩ አንድ አንድ አስበየዱበት።

"ይሄ ለምንድን ነው?" አልኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ ምሰሶ ስትነቅል ጣሪያውን በምን ትይዘዋለህ?"

"ጣሪያ እኮ የለውም።"

"ለዚያ ነዋ!"

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ሳይደገፍ ከተቆረጠ መኪናው መሀሉ ላይ ይጎብጣል። ጎብጦ ከተበየደ ደግሞ በሩ ዕድሜ ልኩን አይገጥምም። ባቲላሜራው የዛገውን ቆርጦ አዲሱን ላሜራ በመዶሻ ሲያወጣ አንድ ሳምንት ሄደ። የመጨረሻው ቀን ማታ ቱቦላሬው ተቆረጠ። ሁላችንም ዝም አልን። እሳቸው የግራውን በር በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት። ጠቅ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

እንግሊዝ አገር ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ መኪና ሙሉ አዲስ ቦዲ ይሠራል። ካታሎግ አግኝቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዋጋውን አነበቡና መለሱልኝ። "እነሱ ይግዙ" አሉ።

እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። መኪናው እንግሊዛዊ ነው፤ የፈታነው ግን በጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን። የጥገና መጽሐፉን በእንግሊዝኛ እያነበብኩ በአማርኛ ስነግራቸው የምጠራው ዕቃ ሁሉ ሮም ደርሶ ይመጣል። አንድ ቀን "መጽሐፉ የሚለው ክላች ነው" ብላቸው ተቆጡ። "ፍሪሲዮን በለው! የአማርኛ ስም እያለው!"

ሌላው መከራ ቁልፍ ነው። የዚህ መኪና ብሎን በኢንች ነው። የግማሽ ኢንቹ ብሎን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 13 ቁልፍ ይገባል፣ ሲያጠብቁት ግን ጭንቅላቱን ይበላዋል። ሶማሌ ተራን አሰስኩ፣ የኢንች ቁልፍ በሙሉ ስብስብ የለም። ምናለሽ ተራ ነው ያገኘሁት፣ አንድ በአንድ፣ በሁለት ዓመት። አንዱ ሻጭ የያዘው ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። "ለምንም አይሆንም፣ ከሁሉም ብሎን ይበልጣል ወይም ያንሳል" አለኝ። ዋጋውን እንዳያስወድድ ፊቴን አጨፈገግኩ።

ካርቡሬተሩንማ ሳልናገር አላልፍም። ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅል ሁለት ኤስዩ ካርቡሬተር አለው፤ ሁለቱ አየር እኩል መሳብ አለባቸው። እኩል መሳባቸውን የሚለካ መሣሪያ አለ። እሳቸው የሚጠቀሙት ግን ግማሽ ሜትር የውሃ ጎማ ነው። አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ውስጥ፣ ሌላውን ካርቡሬተሩ አፍ ላይ ያደርጋሉ። ሽሽሽ። ወደ ሁለተኛው ያዞሩታል። ሽሽሽ። ብሎኗን በትንሹ ይነኳታል። ደግመው ያዳምጣሉ። እንግሊዞቹ ያስተካከሉት ለዝቅተኛ አገር ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ጥቁር ያጨሳል። ውሃ እንኳ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ ዓይኔ ከሙቀት መለኪያው አይነቀልም ነበር። መንገዱን ማየት ለባለቤቴ የተውኩትም ለዚህ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ይሄን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ባለ መቶ ሉክ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር። ባትሪው ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ 6 ቮልት፣ ከወንበሮቹ ኋላ፤ ከቦዲ ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው፣ ኤሌክትሪሽያን ሳይጠይቅ እንዳይነካ። የነዳጅ ፓምፑ ቁልፍ ሲዞር ጠቅ ጠቅ ካላለ ሞተ ማለት አይደለም፤ በቀስታ ይመታ። ቸርኬዎቹን የሚይዘው ባለ ጆሮ ብሎን በግራና በቀኝ ጥርሱ ይቃረናል፤ በእንጨት መዶሻ ከመምታትህ በፊት በየትኛው ጎን እንዳለህ አስብ። ዝናብ ከመጣ በሸራውና በመስተዋቱ መሀል ይገባል፣ በግራ ይብሳል፣ ፎጣ ያዝ።

ገዢ ሲመጣ ይሄን ደብተር ይዤ እወጣለሁ።

በኛ ገበያ ሻጭ "ምንም አይነካውም፣ ነዳጅ ሞልቶ መንዳት ነው" ካላለ ገዢ ይደነግጣል። እኔ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ሰውየው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። ይሄን ሁሉ በአፉ ካወጣ የደበቀው ስንት ነው? ብሎ ነው የሚያስበው። አልፈርድበትም። የደበቅኩት ነገርም ነበር።

የሰርግ መኪና የሚያከራይ ልጅ መጣ። ወደደው፣ ዙሪያውን ፎቶ አነሳው፣ መሪውን ወደ ግራ አዙሬ እጠቀምበታለሁ አለ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና "ሙሽራዋን የት ሊያስቀምጣት ነው? ቬሎዋ ብቻ ሁለቱን ወንበር ይሞላዋል" አለች። ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ ሰውም መጣ። እሱ መኪናውን ከማየት ይልቅ በአሜሪካ ስንት እንደሚያወጣ በስልኩ ሲፈልግ ዋለ። ሲሄድ ዋጋውን በዶላር ነገረኝና አመሰገነኝ።

ሦስተኛው ሎጅ ያለው ሰው ነው። ከጠየቅኩት በላይ ጨመረ። ሞተሩን አውጥቶ፣ በሩ ላይ አቁሞ፣ ውስጡ አበባ ሊተክልበት ነው። ደላላው ሁለት ፐርሰንቱን በዓይኑ ሲያሰላ አየሁት። "አስቤ ልደውልልዎት" አልኩ።

"ፋዘር፣ ምን ያስባሉ? ብረት እኮ ነው!"

ብረት መሆኑንማ ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ስቆርጠው ነበር። አልደወልኩም።

ስንት እንደጠየቅኩ አልጽፍም። አሮጌ ቪትስ አይገዛም ልበላችሁ። ያወጣሁትን ደግሞ ደምሬው አላውቅም። ባለቤቴ ደምራዋለች፣ አትናገርም። ደላላው ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ ያለው ሁሉ ወርቅ ይሆናል ባይ ነው። "ዝም ብለው ይያዙት፣ ደብተሩን ብቻ አያውጡ።"

ዝም ብዬ ብይዘው ደስ ባለኝ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። ጫንጮ ዘመድ ቤት ውለን ተመለስን። ግቢ ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ዞሬ በሩን ከፈትኩላት። የዚህ መኪና ወንበር ከመሬት ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው፤ መሬት ላይ የመቀመጥ ያህል ነው። እግሯን አወጣች። ተነሣች፣ መልሳ ተቀመጠች። ደግማ ሞከረች። "ጉልበቴ እምቢ አለ" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሦስተኛ ሞከረች። ያን ጊዜ አልሳቅንም። የጎረቤት ልጆች ጠራሁ፤ ሁለቱ በብብቷ ያዟት፣ እኔ እጆቿን። ነጠላዋ የበሩ እጀታ ላይ ተይዞ ቀረ። ከቆመች በኋላ ነጠላዋን ስታስተካክል ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ነበር።

ሐኪም አያት። ዕድሜ ነው፣ ቁጭ ብድግ ቀንሺ ተባለች።

በሚቀጥለው እሑድ ቁልፉን ሳነሣ "አንተ ሂድ፤ እኔ ቡና ላፍላ" አለች። ቡናው ሁልጊዜ የሚፈላው ስንመለስ ነበር።

ሄድኩ። አትሌቶቹ ልምምዳቸውን ጨርሰው በመንገዱ ዳር ይመለሳሉ፤ እንደ ሁልጊዜው እጃቸውን አነሡልኝ። ከከተማው እንደወጣሁ ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ ፊቴ ገባ። በሰዓት 30 ይሄዳል። ወደ ግራ ትንሽ ወጣ አልኩ፣ ምንም አይታይም፣ ተመለስኩ። ደግሜ ወጣሁ፣ ጡሩንባ ሰማሁ፣ ተመለስኩ። ዞር ብዬ ወንበሩን አየሁት። ፎጣዋ እንደተጣጠፈ አለ። ከኋላዬ አንድ ኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ እኔንም አይሱዙውንም ጥሎ አለፈ። እኔ ጫንጮ ድረስ ተከተልኩት፣ ጣሪያ በሌለው መኪና፣ ድርቆሽ እየዘነበብኝ።

ቤት ስገባ ጸጉሬ ላይ አየችው። አስቀምጣ አንድ በአንድ ለቀመችልኝ። ምንም አላለችም። ማታ ደብተሩን አወጣሁ፣ ልጽፍ። ምን ብዬ? የመኪናው ብልሽት አይደለም።

ሰው መተካት አልሞከርኩም አልልም። የወንድሜን ልጅ ሁለት ቀን በግራ አስቀመጥኩት። ስልኩን እያየ ነው "ግባ" የሚለው።

እንግዲህ ለሽያጭ ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለእሷም የነገርኳት ያንኑ የልጆቹን ምክንያት ነበር። "እንዳልክ" አለችኝ።

የመጨረሻውን ሰውዬ ደላላው አይደለም ያመጣው፣ መካኒኬ ናቸው የላኩት። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሥራው የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች ልጁን ይዞ መጣ። ጎማውን በጫማው አልመታም። ጋዜጣ ለምኖን መሬት ላይ አነጠፈና መኪናው ሥር ገባ። ያንን ሳጥን ከፊት እስከ ኋላ በጣቱ ጫፍ ኳ ኳ እያደረገ አዳመጠው። ስቱኮ የተመታበት ላሜራ ድምፁ ይታፈናል። ሲወጣ ምንም አላለም፤ "ደብተር አለ ብለውኝ ነበር" አለ።

ሰጠሁት። በረንዳው ላይ ዱካ ስቦ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። አቦሉን ጠጣ፣ ቶናውን ጠጣ፣ ማንበቡን አላቋረጠም። አልፎ አልፎ ተነሥቶ ሄዶ አንድ ነገር ያይና ተመልሶ ይቀመጣል። እኔ እንደ ተማሪ ወላጅ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ሲጨርስ ደብተሩን ዘጋና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

"ሁሉም አለ" አለ። "ለምን እንደሚሸጡት ብቻ የለም።"

አፌን ከፈትኩ። የትኛውን ልበለው? ቦታውን? ልጆቹን?

"ለኔ ብሎ ነው" አለች ባለቤቴ፣ ከረከቦቱ ቀና ሳትል። "እኔ ጉልበቴ መውረድ መነሣት አቃተው። እሱ ደግሞ ያለኔ አይሱዙ መቅደም አይችልም።"

አየኋት። ሲኒ እያለቀለቀች ነው።

ሰውየው ሳቅ አላለም። ትንሽ አሰበና ወደ ልጁ ዞረ። ልጅቷ ጥርሷን እያሳየች መኪናውን በስልኳ ትቀርጻለች። ባለቤቴም አየቻት።

"ነይ እስቲ አንቺ። ግቢ በግራ፣ ተቀመጪ።"

ገባች። ባለቤቴ ዱካዋን አስጠግታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እኔና ሰውየው ስለ ዋጋ እያወራን ነበር፤ ጆሮዬ ግን እዚያ ነው። "'ግባ' ለማለት አትቸኩዪ" ትላታለች። "'ቆይ' ብለሽ ብትሳሳቺ የሚባክነው ጊዜ ነው። 'ግባ' ላይ መሳሳት የለም። ትልቅ መኪና ስታዪ ድምፅሽን አሳጥሪው፣ አባትሽ ከድምፅሽ ያውቃል። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ።" ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ቀነስኩለት። ምን ያህል እንደቀነስኩ ደላላው ይሄን ሊያነብ ስለሚችል ይለፈኝ።

ውሉ፣ ስም ማዛወሩ፣ ወረፋው፣ ፎቶ ኮፒው እንደማንኛውም መኪና ነው፤ የሸጠ ያውቀዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሊወስዱት መጡ። የእንጨት መዶሻውን፣ የምናለሽ ተራ ቁልፎቼንና ደብተሩን ኋላ ጫንኩላቸው። ፎጣውን ግን ባለቤቴ አወጣችው። "የራሷን ታምጣ" አለች።

ሰውየው ቁልፉን አዞረ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ጠበቀ፤ ደብተሩ ላይ እንዳለው ፓምፑ ዝም እስኪል ጠበቀ። አስነሣው።

ከበራችን እስከ አስፋልቱ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ኮረኮንች ነው። ቀስ ብለው ሄዱና አፉ ላይ ቆሙ። የቅዳሜ ገበያ ነው፣ መንገዱ ሞልቷል። ባለቤቴ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች። ልጅቷ አንገቷን አውጥታለች። "ቆይ... ቆይ..." የሚለው ድምፅ እስከ እኛ ይመጣል። ከኋላቸው ባጃጅ ቆሞ ጡሩንባ ይነፋል። አንድ ሚኒባስ አለፈ። አንድ ሌላ አለፈ። ክፍተት ተገኘ።

"ግባ" አለች ባለቤቴ፣ በትንሽ ድምፅ፣ ለራሷ።

መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ባጃጁ ጡሩንባውን አስረዘመው። "ቆይ!" አለች ልጅቷ፣ አጭርና ደረቅ። ከኩርባው ጀርባ ሲኖትራክ ወጣ፤ አቧራውን ይዞ በፊታቸው አለፈ።

"ግባ!"

ገቡ። ሰማያዊው ኋላ ለትንሽ ጊዜ ታየና ጠፋ።

"ከኔ ትሻላለች" አለች ባለቤቴ። ክንዴን ያዘች፣ በረካው ሳይቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ገባን።